ካሜራዬን አጥፍቼ ብታከምስ?

«ድሬዳዋ ውስጥ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከደብረ ታቦር ነው። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም። ሌሊት አልተኛም፣ ቀን ከአልጋ አልነሳም፤ ክላስ የምገባው አንዳንዴ ነው። ኢንተርኔት ላይ የድባቴ መጠይቅ ሞልቼ 14 አመጣሁ። ከ27 ግማሽ ስለሆነ ያን ያህል አይደለም ብዬ ተውኩት። አንዷ የዶርም ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሆኖ በቴሌግራም የሚያክም ቴራፒስት አለ ትለኛለች። ሌላዋ ነጻ አፕ አውርጂ ትላለች። እዚህ ሆስፒታል ብሄድ የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል። ዲፓርትመንቴ ከሰማ ደግሞ ፋይሌ ላይ የሚጻፍ ይመስለኛል። መድኃኒት ሱስ ያስይዛል ስለሚባል አልፈልግም። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ፣ ግን ምንም አላደርግም። ካሜራዬን አጥፍቼ፣ ስሜን ሳልናገር፣ በኦንላይን ብቻ ብታከም እድናለሁ? ለእናቴስ ልንገራት?»

ከደብዳቤሽ ጭራ ልጀምር። «ተኝቼ ባልነቃ» ያልሽውን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ አልፈሽዋል። ለእኔ ግን ከ14ቱም፣ ከክላሱም፣ ከመውጫ ፈተናውም በፊት የሚመጣው እሱ ነው። ድባቴ (ዲፕሬሽን) የያዘው ሰው እንዲህ ማሰቡ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። እብደት አይደለም። ግን ደረጃ አለው። «ባልነቃ» ማለት አንድ ነገር ነው። «እንዴት ላድርገው» ብሎ ማውጠንጠን፣ ቀን መቁረጥ፣ መሰናበት ሌላ ነው። ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ደወል አይደወልም። ስለዚህ የትኛው ላይ እንዳለሽ ራስሽን በግልጽ ጠይቂ። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣዋል የሚባለው ልክ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ቀለል ይለዋል።

ሁለተኛው ላይ ካለሽ ንባቡን እዚህ አቁሚው። የዶርም ጓደኛሽን ቀስቅሻትና ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብራችሁ ሂዱ። ሌሊት ከሆነ ፕሮክተሯን ንገሯት፣ በር ታስከፍታለች። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እስክትደርሱ ብቻሽን አትሁኚ። ኦንላይን ቴራፒ ለዚያች ሌሊት አይሆንም። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እጅሽን ይዞ አያስነሳሽም።

መጀመሪያው ላይ ካለሽ እንቀጥል።

ያ 14 የክፍል ፈተና ውጤት አይደለም። ከግማሽ በላይ፣ ከግማሽ በታች የሚባል ነገር የለውም። የሞላሽው ፒኤችኪው ዘጠኝ የሚባለው መጠይቅ ይመስለኛል። ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ሙሉው 27 ነው። ከ5 እስከ 9 ቀላል ይባላል። ከ10 እስከ 14 መካከለኛ ነው። ከ15 እስከ 19 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። አንቺ የመካከለኛው ጫፍ ላይ ነሽ። አንዲት ነጥብ ብትጨመር ደረጃሽ ይቀየራል። ዘጠነኛው ጥያቄ ደግሞ በትክክል «ባልነቃ» ያልሽውን ነው የሚጠይቀው። እዚያ ላይ ከ0 ውጭ የመለሰ ሰው ድምሩ ምንም ይሁን ምን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። መጠይቁ በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ላይ በሕመምተኞች ተፈትኗል፣ ጥሩ ይሠራል። ሆኖም ወንፊት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ደም ማነስ ይኑርብሽ፣ ሐዘን ላይ ሁኚ፣ ባለፈው ወር ዴንጊ ይዞሽ ይሁን አያውቅም።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። ፊልሙ ሲሰለቸን «ደበረኝ» እንላለን። መብራት ሲጠፋም ደበረኝ ነው፣ የምንጠብቀው ሰው ሲቀርም ደበረኝ ነው። ስለዚህ አንዲት ልጅ «ደብሮኛል» ስትል «ሻይ እንጠጣ፣ ይለቅሻል» ይባላል። ባለሙያዎች ድባቴ የሚለውን ቃል የያዝነው ለዚህ ነው። ድባቴ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ነው። የስሜት መውረድ ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ደስ አለማለት የግድ አለበት። ከዚያ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት፣ ትኩረት ይዛባሉ፤ ራስን መውቀስና የሞት ሐሳብም ይከተላሉ። ከነዚህ ሁሉ በድምሩ አምስቱ ካሉና ኑሮሽን ካደናቀፉ ሐኪም ድባቴ ይለዋል። የአገራችን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጫነኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ስንቱ የጨጓራ መድኃኒት እየዋጠ ዓመት እንደሚያሳልፍ ብነግርሽ ይገርምሻል።

በዚህ ምክንያት ስክሪን ላይ ከመሄድሽ በፊት ገላሽ መታየት አለበት። የድካምና የእንቅልፍ ችግር ሁሉ ከአእምሮ አይነሳም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መዛባት ቁጭ ድባቴን ይመስላሉ። ድሬ ውስጥ ደግሞ ትንኟን አትርሺ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ ትኩሳቱ ብቅ ጥልቅ ይላል። ቺኩንጉንያ ከለቀቀ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመሙና ድካሙ ለወራት የሚቆይበት ሰው አለ። በቴሌግራም የሚያክምሽ ሰው የዓይንሽን ቆብ ገልጦ አያይም፣ ደም አይቀዳም።

ስለ ጫት አልጻፍሽም። ላትቅሚ ትችያለሽ፣ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም፤ የጫት ገበያዋ አወዳይ ቅርባችን ናት። ከቃሙት ውስጥ ብዙዎቹ «ለጥናት ነው» ይላሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነቃቂ ነው። በርጫው ላይ ምርቃና አለ፣ ወሬው ይደራል፣ ሰው ሁሉ ዓለምን ይገነባል። ማታ ሲለቅ መውረዱ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሲተኛ ዱካክ ይጫነዋል። ጠዋት ያንን ለማስለቀቅ ኢጀበና ይቃማል። ይህን ሦስት ወር ያደረገ ሰው ድባቴ ይኑርበት አይኑርበት ለመለየት እኔም እቸገራለሁ። ስለዚህ የምታነጋግሪው ባለሙያ ሲጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው። ያልነገርሽው ነገር ሕክምናሽን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ኦንላይን ቴራፒ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ግን ጓደኞችሽ አንድ አድርገው የነገሩሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸውም ሦስተኛ አለ።

አንደኛው በሕይወት ያለ ሰው በስልክ ወይም በቪዲዮ ሲያነጋግርሽ ነው። ይህ በአካል ተገኝተሽ ከምታገኚው ሕክምና ብዙም አይርቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 325 የድባቴ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቢሮ እየሄዱ፣ ግማሾቹ በስልክ ተመሳሳዩን ሕክምና አገኙ። ቪዲዮ አልነበረም፣ ድምፅ ብቻ። ሕክምናው ሲያልቅ መሻላቸው እኩል ነበር። እንዲያውም ያቋረጠው ሰው በስልክ በኩል ያነሰ ነው፤ ከመቶ 21 ገደማ፣ ቢሮ ከሚሄዱት ግን 33 ገደማ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ቢሮ የሄዱት ትንሽ ተሽለው ተገኙ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፤ ኔትወርኩ ቪዲዮ ካልሳበ በድምፅ መቀጠል የድሃ ሕክምና አይደለም። ካሜራሽንም ብታጠፊ ምንም አይደለም። መጀመሪያ ላይ አጥፊው፣ ሲለምድሽ ታበሪዋለሽ። ባለሙያው ፊትሽን ቢያይ ግን ይጠቅምሻል። ክብደት ቀንሰሽ፣ ዓይንሽ ጎድጉዶ «ደህና ነኝ» ብትይው በምን ያውቃል?

ሁለተኛው በትምህርት መልክ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሆኖ በየሳምንቱ አንድ ሰው የሚከታተልሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «ደረጃ በደረጃ» የሚል ትርጉም ያለው እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሊባኖስ ውስጥ በሊባኖሳውያንና በሶርያውያን ስደተኞች ላይ ሞክሯል። አምስት ክፍል አለው። የሚከታተሉት ስፔሻሊስቶች አይደሉም፣ የሠለጠኑ ረዳቶች ናቸው፤ በሳምንት ሩብ ሰዓት ያህል ይደውላሉ። ድባቴው ቀነሰ። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፣ አስቢው። ሰው መኖሩ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛው ብቻሽን የምትነካኪው አፕ ነው። ነጻ ያለችሽ ይህንን ነው። ቀለል ላለ ድባቴ ሊረዳ ይችላል። መካከለኛና ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ሰው የሚከታተለው እንደሚበልጥ ጥናቶቹ ደጋግመው አሳይተዋል። ችግሩ የአፑ ብልሃት ማነስ አይደለም። ድባቴ ራሱ ጉልበት የሚነሳ በሽታ ነው። ጉልበት ያጣን ሰው «ራስህን ቀስቅስ» ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ሁለት ሦስት ቀን ከፍቶት ይተወዋል። ከዚያ «ሕክምናም አልሠራልኝም» ይላል፤ ሳይታከም። ከኤአይ ጋር ማውራትንም እዚሁ እመድበዋለሁ። ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1966 እ.ኤ.አ. ኤላይዛ የምትባል የምታወራ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። የሚያደርገው የተናገርሽውን መልሶ መጠየቅ ብቻ ነው። ሰዎች ግን ምስጢራቸውን ያወጡላት ጀመር፣ ሰውዬው ራሱ ደነገጠ። የዛሬዎቹ በጣም ይበልጣሉ፤ ቢሆንም ምሽት ላይ «ዋጋ የለኝም» ብትያቸው የሚያስማማሽን መልስ ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ ነገ ግን ደህና ማደርሽን አይጠይቁም።

ሰዎች ቴራፒ ሲባል ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ልጅነትን ማውራት ይመስላቸዋል። ለድባቴ በብዛት የምንጠቀምበት እንደዚያ አይደለም። ሥራ አለው፣ የቤት ሥራም አለው። የአንዱ ዘዴ ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ሲከፋው ይተኛል፤ ሲተኛ የሚያስደስተውም የሚያኮራውም ነገር ይቀርበታል፤ ሲቀርበት ይበልጥ ይከፋዋል። አዙሪቱን የምንሰብረው ስሜቱ እስኪስተካከል ጠብቀን አይደለም፣ ከድርጊቱ በኩል ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት በየሰዓቱ ምን እንዳደረግሽና ስሜትሽ ከ10 ስንት እንደነበር ትጽፊያለሽ። ብዙዎች «ቀኑን ሙሉ ዜሮ ነኝ» ብለው ይመጣሉ። ሲጻፍ ግን ከጓደኛ ጋር ካፌ የሄዱ ዕለት 3፣ ልብስ ያጠቡ ዕለት 4 ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ያቺን 4 ሆን ብለን ቀጠሮ እንይዝላታለን።

አንቺን ባገኝሽ ከእንቅልፉ እጀምር ነበር። ከደብረ ታቦር ብርድ መጥተሽ የድሬን ሙቀት ስትቀምሺ ሌሊቱ መገለባበጥ እንደሚሆንብሽ አውቃለሁ። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጋደም ይላል፣ አንቺም ትተኛለሽ። የድሬ ሰው ግን ትንሽ አርፎ ይነሳል። አንቺ እስከ 11 ሰዓት ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ሌሊቱ ይነጋብሻል። ስለዚህ የቀን እንቅልፍ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ያውም ከ9 ሰዓት በፊት። ጠዋት ቢያሰኝሽም ባያሰኝሽም 12 ሰዓት ላይ መነሳት። ፀሐይዋ ሳትከርር ሃያ ደቂቃ በእግር መሄድ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ቢሆን ይመረጣል። ደስ እንዲልሽ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም። ሳይልሽ ሂጂ። ደስታው ከድርጊቱ ኋላ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ።

ስምሽን ስለ መደበቅ ያልሽውን ግን አልቀበልም። ካሜራ ይጥፋ፣ ስም አይጥፋ። በኦንላይን የሚያክም ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ይጠይቅሻል። ሙሉ ስምሽን፣ አሁን ያለሽበትን ቦታ፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለትን አንድ የቅርብ ሰው ስልክ። ይህን የሚጠይቀው ሊያጋልጥሽ አይደለም። በተነጋገራችሁበት መካከል ብትዘጊበትና ሐሳብ ቢገባው የት ይፈልግሽ? የማይጠይቅሽ ከሆነ ደግሞ እሱን ተጠራጠሪው።

የቴሌግራሙን ሰው አላውቀውም፤ ስለሱ ክፉም ደግም አልናገርም። ይልቅ እንዴት እንደምትለይው ልንገርሽ። ምን ተምረህ ነው የመጣኸው፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው፣ ሳይካትሪ ነው፣ የሙያ ፈቃድ አለህ ወይ በይው። ደንበኛ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። ዛሬ ሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ «ላይፍ ኮች» ነኝ የሚል ሞልቷል። አነቃቂ ንግግርም ለድባቴ መድኃኒት አይደለም፤ «ተነሺ፣ ትችያለሽ» የተባለች የታመመች ልጅ አለመነሳቷን ስታይ ራሷን ይበልጥ ትወቅሳለች። በሦስት ቀን አድንሻለሁ የሚል፣ የአሥር ቀጠሮ ብር አስቀድመሽ ላኪ የሚል፣ ፎቶሽን የሚጠይቅ፣ ከቀጠሮ ውጭ ሌሊት ሌሊት «እንዴት ነሽ ቆንጆ» የሚልሽ ካለ ወዲያው ዝጊው።

ከቴሌግራም ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ተራው ቻት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሲክሬት ቻት የሚለው ግን ከሁለታችሁ ስልክ ውጭ አይነበብም፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪውም እንደዚያው የተመሰጠረ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በጥሪ አውሩት፣ በጽሑፍ የሚሄደው ቀጠሮ ብቻ ይሁን። ስልክሽ ላይ ቁልፍ አድርጊበት። እውነቱን ለመናገር ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሃከር አይደለም፣ አልጋ ላይ ተከፍቶ በተረሳ ስልክ ነው። የውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ቤተርሄልፕ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ተቆጣጣሪው ትእዛዝ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዋጋውም በሳምንት በዶላር ነው፣ ያንቺን «ኧረ ልቤን ጫነኝ»ም አይረዱትም።

የት ሆነሽ ታወሪያለሽ? ስድስት ሰው ባለበት ዶርም ውስጥ አይሆንም። በሹክሹክታ የሚደረግ ቴራፒ ግማሹ ይቀራል። የግቢሽ የምክር አገልግሎት ቢሮ ካለ ክፍሉን ለአንድ ሰዓት ጠይቂያቸው፣ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ። ባዶ ክላስ ይሠራል። ኢርፎን አድርጎ ጥላ ሥር ወዲያ ወዲህ እያሉ ማውራትም ይሠራል። ኔትወርክ ይቆረጣል ብለሽ አስቀድመሽ ተዘጋጂ። ሲቆረጥ በተራ ስልክ ይደወል፣ ካልተቻለ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተባባሉ። ሁለት ሲም መያዝም አይከፋም፤ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን የጀመረው እኛው ድሬ ላይ ስለሆነ አማራጩ አለሽ።

መድኃኒትን በተመለከተ የሰማሽው ስሕተት ነው። የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ሐራራ የላቸውም፣ መጠን ጨምሩልኝ አያሰኙም። ከሱስ ጋር የሚያምታታቸው ሌላ ዓይነት ነው፤ ቶሎ የሚያስተኙት የማረጋጊያ እንክብሎች ጥገኛ ሊያደርጉ ይችላሉ። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታዘዘው ፍሎክሰቲን ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ካልሞላው ውጤቱ በደንብ አይታይም፣ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። ሲሻልሽም ቢያንስ ስድስት ወር ትቀጥያለሽ፣ የምታቆሚው በሐኪም ነው፣ ቀስ በቀስ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ቶሎ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ሌላው፣ ከዚህ በፊት ሳትተኚ ቀናት እየዋልሽ ጉልበትሽ የሞላበት፣ ገንዘብ የበተንሽበት፣ ወሬሽ የፈጠነበት ጊዜ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪው። ያ ባይፖላር ሊሆን ይችላል፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። በ14 ላይ ያለች ልጅ ቴራፒ ብቻውን ሊበቃት ይችላል። መድኃኒት ያስፈልጋታል አያስፈልጋትም የሚለውን ግን በአካል ያያት ሐኪም ይወስን። በቴሌግራም የመድኃኒት ስም የሚልክልሽ ሰው ካለ አትግዢ።

ፋይልሽ ላይ ምንም አይጻፍም። የሆስፒታል ካርድ የሆስፒታል ነው፣ ሬጅስትራር አይሄድም። ምስጢር የሚሰበረው ሕይወትሽ አደጋ ላይ ሲሆን ነው፣ ያኔም የሚነገረው ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ነው። የሚገርመው ነገር ፋይልሽን የሚያበላሸው አለመታከምሽ ነው። ክላስ እየቀረሽ፣ ፈተና እያለፈሽ ዝም ብለሽ ከቆየሽ ውጤቱ ትራንስክሪፕት ላይ ይወጣል፣ ያ አይፋቅም። ከከፋ ደግሞ በሕመም ምክንያት ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ) መሙላት አለ፤ እሱን ለመሙላት ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። በስም የለሽ ኦንላይን ቴራፒ የሚገኝ ወረቀት የለም።

«ሰው ያየኛል» ያልሽው ይገባኛል። እኔ የምሠራው ሐረር ነው። ድሬ ያሉ ተማሪዎች እንዳይታዩ ብለው የደንገጎን ዳገት ወጥተው ወደ ሐረር ይመጣሉ። ሐረር ያሉት ደግሞ እንዳይታዩ ወደ ድሬ ይወርዳሉ። መንገድ ላይ በሚኒባስ ይተላለፋሉ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማንንም «አትፍሪ» አልልም። አንቺም ከፈለግሽ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነይ፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ወጥተሽ ከቀትር በኋላ ትመለሻለሽ። ጸበልም ብትሄጂ፣ የሙስሊም ጓደኛሽ ቁርአን ቢቀራላት፣ ሕክምናውን አያፈርሰውም። እንክብሉን እዚያ ጥላችሁት አትምጡ እንጂ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ በአካል ታዪ፤ ድል ጮራም ይሁን ሕይወት ፋና። ደምሽ ይታይ፣ «ባልነቃ» የሚለውንም በአፍሽ ተናገሪው። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ካልከለከለሽ ኦንላይኑን ጀምሪ፤ አፑን ሳይሆን ሰውየውን፣ ፈቃዱን ካሳየሽ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቋሚ ሰዓት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ መጠይቅ ሙዪና ቁጥሩን ጻፊ። በአራተኛው ሳምንት ከ14 ካልወረደ፣ ወይም ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ቁጥሩ ከጨመረ፣ ኦንላይኑ አልበቃሽም ማለት ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሺ። ከዶርም ጓደኛሽ ጋር አንድ ውል ግቢ። ዶርም ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት ካለ እሷ ትያዘው። «ዛሬ ከፍቶኛል» ስትያት ምክር ሳትሰጥሽ አጠገብሽ ትቀመጥ፣ ያ ይበቃል።

ለእናትሽ ንገሪያት። ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም። ድባቴ የሚለውን ቃል ላታውቀው ትችላለች፣ «የአእምሮ ሕመም» ካልሻት ደግሞ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነች። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደሽ ከታየሽ በኋላ ደውይላት። «እማዬ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ፣ ሆዴን ባር ባር እያለኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ሕክምና ጀምሬያለሁ። በየማታው ደውይልኝ» በያት። የት እንደሄድሽ ከጠየቀችሽ አትዋሻት።